ነጩን ጋውን የለበሰችው ልጅ

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ቤተ ክርስቲያናችን ለተፈታኞች የጸሎት ፕሮግራም አዘጋጀች። እስክሪብቷችንን ይዘን መድረኩ ሥር ተደረደርን። እስክሪብቶ ላይ ይጸለያል፤ እኛ ጋ እንደዚያ ነው። አገልጋዩ እኔ ጋ ሲደርስ እጁን ጭንቅላቴ ላይ ጫነና ዓይኑን ጨፈነ።

«ነጭ ጋውን ለብሰሽ አየሁሽ!» አለ በማይክ።

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እናቴ አለቀሰች። እኔ ደም ሳይ ራሴን የምስት ሰው ነኝ፤ ግን ማን ጠየቀኝ?

ከዚያ እሑድ በኋላ ስሜን የሚጠራ ጠፋ። የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ገና ከሩቅ ክላክሱን እያስጮኸ «ዶክተርዬ፣ ግቢ! ብቻ ስታክሚኝ ሒሳብ እንዳትቀበይኝ!» ይለኛል። ፒያሳ፣ እናቴ ጨርቅ የምትሸጥበት ሱቅ ስገባ ደግሞ ደንበኞቿ ጉልበታቸውንና ወገባቸውን ያሳዩኛል። የምራቸውን ነው!

ከዕለታት አንድ ቀን ባዮሎጂ ስገልጥ ፊደሎቹ ተንቀሳቀሱ። መስመሩ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቃሉን ልይዘው ስል ይሟሟል። እንቅልፍ ከተለየኝ ሰነባብቷል። ማታ እምቢ ያለው እንቅልፍ ቀን ላይ፣ ዓይኔ እንደተገለጠ፣ ይመጣና ይዞኝ ይንሳፈፋል። ሰው ሲያናግረኝ ከውሃ በታች ሆኖ የሚያወራ ይመስለኛል።

ማጠናከሪያ ትምህርት መሄዱን ተውኩና ከከተማችን ጫፍ ያለው ሐይቅ ዳር መቀመጥ ጀመርኩ። ከሰዓት ላይ ውሃውና ሰማዩ የት ጋ እንደሚለያዩ አይታወቅም። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች በቀጫጭን እግሮቻቸው ቆመው ያንቀላፋሉ፤ እነሱን ማንም «ምን ልትሆኑ ነው?» አይላቸውም። አንዳንዴ ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ውሃው ላይ ቀስ እያለች ስትራመድ አያታለሁ። አልጠላኋትም እኮ። አረማመዷ ያምራል። ግን አንድም ቀን ዞራ አይታኝ አታውቅም።

ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደን አውቶቡስ የሚመጣበት ቀን ሲቃረብ ፍርሃቴ መልኩን ቀየረ። ብወድቅ የምወድቀው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ያ ሁሉ እልልታ፣ የእናቴ እንባ፣ እግዜር ተናገረ የተባለው ነገር ሁሉ አብሮኝ ይወድቃል። ለእናቴ ካልነገርኳት ልፈነዳ ነው።

ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት ሱቅ ሄድኩ። አንዲት ደንበኛ የመጋረጃ ጨርቅ እያስለካች ነበር።

«ውይ ዶክተራችን! ከሳሽ እኮ። ጥናቱ ነው አይደል?»

«አላጠናም» አልኳት። «ማንበብ አቅቶኛል።»

የእናቴ መቀስ ጨርቁ መሃል ላይ ቆመ። «ምን አልሽ አንቺ?»

«እማ፣ እንቅልፍ አልተኛም። ጭንቅላቴ ውሃ ሆኗል። ደግሞ ዶክተር መሆን አልፈልግም። አገልጋዩ ያያት ልጅ እኔ አይደለሁም።»

«በኢየሱስ ስም!» አለች ደንበኛዋ፣ አፏን በእጇ ይዛ። «ይሄማ ጠላት ነው። ዛሬውኑ ወስደሽ አስጸልይላት!»

እናቴ ጨርቁን ቆርጣ ጨረሰች፣ አጣጥፋ በፌስታል ሰጠቻትና ሸኘቻት። ከዚያ የሱቁን በር ከውስጥ ጎትታ ዘጋችው። በጠራራ ፀሐይ! ለቀብር ካልሆነ በቀር ያንን በር በዚያ ሰዓት ስትዘጋ አይቻት አላውቅም። የጨርቅ ጣቃዎቹን ከመደርደሪያው አውርዳ መሬት ላይ አነጠፈቻቸው።

«ተኚ።»

«ፈተናውስ?»

«ተኚ አልኩሽ!»

«የተነገረልኝ ቃልስ?»

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አለበሰችኝ። «እሱን የተናገረው ይጨነቅበት። አንቺን የወለድኩሽ እኔ ነኝ።»

አዲስ ጨርቅ ጨርቅ የሚል ሽታ ሸተተኝ። ከበሩ ስንጥቅ የገባ ብርሃን ጣሪያው ላይ ይወዛወዛል። እናቴ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ወዲያው አንዱ ከውጭ የበሩን ቆርቆሮ ይደበድብ ጀመር።

«ኧረ ክፈቱ! በዚህ ሰዓት ይዘጋል እንዴ?»

«ሰው ተኝቷል!» አለች እናቴ።

ሰውየው የመለሰውን አልሰማሁም።