የአማቴ የአረቄ ምድጃ

መንግሥት ከተለወጠ ብዙም ሳይቆይ ከሞጣ ወደ ቢቸና ተዳርኩ። አማቴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አረቄ እያወጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ነበሩ። ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጭስ ቤት ሦስት ጉልቻ ላይ ትልቅ እንስራ ይጥዳሉ። የቦካው ድፍድፍ ሲፈላ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ወደተቀመጠ ሌላ ዕቃ ይገባል። እዚያ ቀዝቅዞ አረቄ ይሆናል።

ሥራው እንጨት ይበላል። ነበልባሉ በጉልቻዎቹ መሐል እየሾለከ፣ ከእንስራው ይልቅ ግድግዳውን የሚያሞቅ ይመስለኝ ነበር። አማቴ ቀኑን ሙሉ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ይውላሉ።

አንድ ክረምት ዝናቡ አላባራ አለ። የባሕር ዛፉም ኩበቱም ራሰ። አንድ ቀን አረቄው ገና ተጋምሶ ሳይወርድ እሳቱ እምቢ አለ። እፍ ብንል፣ ጭራሮ ብንጨምር፣ ጭሱ ብቻ ሆነ። አማቴ የቀዘቀዘውን እንስራ እያዩ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው የደፈርኩት።

«እማማ፣ ጉልቻውን ዙሪያውን በጭቃ ብንመርገውስ? ሞጣ እናቴ እንዲያ አድርጋው ትንሽ እንጨት ይበቃታል።»

«ሙሽሪት፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» አሉኝ።

«እኛ የምናወጣው አረቄ ነው እንጂ ወጥ መቼ ሆነ?»

ሳቃቸው አመለጣቸው። «እንግዲያው ሞክሪው» አሉ።

ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጬ አቦካሁ። ከፊት ለእንጨት መማገጃ አፍ ትቼ፣ እንስራው ልክ የሚቀመጥበት ምድጃ ሠራሁ። ሲደርቅ የሰነጠቀውን እየደፈንኩ ሰነበትኩ። የተለኮሰ ዕለት ግን የለመድነውን ያህል እንጨት ማገድኩበት። ብዙም ሳይቆይ ድፍድፉ ገንፍሎ በመቃው ወጣ፤ የተጠራቀመውን አረቄ ጭቃ አስመሰለው። ጎረቤት ሁሉ የሰማ መሰለኝ። 

በማግሥቱ ጠዋት ከጭስ ቤቱ የመቆፈር ድምፅ ሰማሁ። ሊያፈርሱት ነው ብዬ ሮጥኩ። አማቴ ተንበርክከው፣ በምድጃው ጀርባ ለጭስ መውጫ ቀዳዳ እየበሱ ነበር።

«ጥፋቱ የምድጃው አይደለም፤ የጠገበ ሰው እያጎረስን ነው» አሉኝ።

የፊቱን አፍ በጭቃ አጠበቡት፤ ድፍድፍ ጣዱና ሁለት ፍልጥ ብቻ ማገዱ። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ እንስራው አስጠግተው፣ «ነይ ስሚ። እንዲህ ሲያንሾካሹክ ተይው፤ ሲያጉረመርም እንጨቱን ሳብ አድርጊ» አሉ። እኔ ጭቃውን አውቅ ነበር እንጂ እሳቱን የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ያን ቀን የወረደው አረቄ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነበር። ለአንድ ቀን ያዘጋጀነው እንጨትም ተርፎ አደረ።

ከዚያ ወዲያ እሳቸውን ማን ይቻላቸው! ከገንዳው የምንደፋውን ሙቅ ውሃ እንኳ፣ «ይኼም በእሳት የሞቀ ነው» እያሉ ለሚቀጥለው ጥንስስ ያደርጉት ጀመር። በብርዱ ወራት ጥንስሱ ቶሎ ብድግ ይልላቸው ነበር።

አንዲት አረቄ የምታወጣ ጎረቤታችን መጥታ ምድጃውን ዞራ አየችና፣ «ማን ሠራልዎ?» አለቻቸው።

«ልጄ ናት» አሉ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ሙሽሪት ነበርኩ። እንስራዬን አንጠልጥዬ ውሃ የምቀዳ መስዬ ወጣሁ፤ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ያን በጋ ሁለታችን በየጎረቤቱ ጭስ ቤት ምድጃ ስንመርግ ከረምን፣ እስከ ክርናችን ጭቃ ተለውሰን። በኋላ ባለቤቴ በሥራ ተዛውሮ ወደ ሞጣ ስንሄድ እሳቸው ቢቸናን አልለቅም ብለው ቀሩ። በየበዓሉ እየሄድን እንጠይቃቸው ነበር፤ እስኪያርፉ ድረስ።

ዛሬ ትዝ የሚሉኝ ከሰዓት በኋላዎቹ ናቸው። ጭሱ ከቀነሰ ወዲህ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን ጥጥ እንፈትል ነበር። የዓይናቸው እንባ ቆሞ ወሬ መጣላቸው፤ እሳቸውም ሙሽራ ሳሉ የገዛ አማታቸውን ፈርተው ሽንብራ ቆሎ ከነጠላቸው ሥር ደብቀው ይበሉ እንደነበር አጫወቱኝ። ሲስቁ እንዝርቱ ከእጃቸው ይወድቅ ነበር።