ሙሉ ቁጥር፣ ባዶ ከረጢት

የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት በደም የራሰ ፎጣ ነው። ከካዛንቺስ ታክሲ ተራ ይዘው ያመጡኝ ሰዎች ጫማዬን አስወልቀው ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉኝ። ፎጣውን አፉ ላይ የያዘው ሰው ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝ። ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ አለው። ጠዋት ከምርመራ ሲመለስ አንድ ጥርሱ አልነበረም።

«ወደቅኩ» አለ። ማንም አልጠየቀውም።

የደም ሐኪም መሆኔን ሲሰማ፣ ልጅ ሆኖ ሲገረዝም ደሙ አልቆም ብሎ ሊሞት እንደነበር ነገረኝ። በፎጣው ጥግ ድዱን ተጫንኩት። ለቀቅ ባደረግሁ ቁጥር ይፈሳል። ፈራሁ።

በማግስቱ ደም ወስደው አስመረመሩለት። ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝና ውጤቱን ጠረጴዛው ላይ አዞረልኝ።

«ፕላትሌቱ ሙሉ ነው ተብሏል። አንተም አይተኸዋል። ደህና ነው ብለህ ፈርም፤ ማታ ቤትህ ነህ።»

እውነቱን ነው፣ ቁጥሩ ሙሉ ነው። ሚስቴ ደግሞ ምሳ ይዛ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆማለች።

«ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም» አልኩት። «ደም የምታቆመው እያንዳንዷ ፕላትሌት ውስጥ ትንንሽ ከረጢቶች አሉ። ቁስል ስታገኝ ትዘረግፋቸዋለች። የሚወጣው ነገር ሌሎቹን ይጠራል፤ ተያይዘው ቁስሉን ይደፍናሉ። የእሱ ከረጢቶች ባዶ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ሲቆጠሩ ይሞላሉ፤ ግን አይጠራሩም። ዛሬ ሆስፒታል ካልገባ ሊሞት ይችላል።»

«በቃ፣ ሌክቸር አልጠየቅኩህም። ትፈርማለህ አትፈርምም?»

«ሆስፒታል ይሂድ በሚለው ላይ እፈርማለሁ» አልኩ።

ወረቀቱን ሰብስቦ ወደ ክፍሉ አስመለሰኝ። ድዱን መጫኔን ቀጠልኩ። ሊመሽ ሲል ሁለት ፖሊሶች መጥተው ደግፈው ወሰዱት። ያለ ፊርማ ቢሞት ኃላፊነቱን የሚወስድ ስላልተገኘ ይመስለኛል። እኔ ክረምቱን እዚያው ከረምኩ። ሚስቴ በዝናብ ምሳ አመላለሰች፤ ለምን እንዳልፈረምኩ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም።

ሰውየውን ዛሬም አገኘዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ፍሬን ላሠራ ጋራዡ ሄጄ፣ ከመኪናዬ ሥር እንደተኛ፣ «ዶክተር፣ ማለቴ... ያን ቀን ብትፈርም እኮ አልቀየምህም ነበር» አለኝ።

«እኔ ግን ራሴን እቀየመው ነበር» አልኩት።

መፍቻ እንዳቀብለው እጁን ዘረጋ።