ስንጥቁን የተከተለችው ፕሮክተር

ተማሪዎቹ «እትዬ ዝምታ» ይሏታል። ዝምተኛ ሆና አይደለም፤ ኮሪደሩ ላይ «ዝምታ!» ብላ ስትጮህ ከሁሉም የምትረብሸው እሷው ራሷ ስለሆነች ነው። በዩኒቨርሲቲው አንጋፋ የሴቶች ማደሪያ ሃያ ስድስት ዓመት ፕሮክተር ሆና ሠርታለች።

ማደሪያው ባለ ሦስት ፎቅ የድንጋይ ሕንጻ ነው። ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሳ የመስኮቱ ደፍ ላይ ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው ያጠናሉ። የእንጨት ደረጃው መሃሉ በእግር ብዛት ጎድጉዷል። ዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ የተቀበላቸው አሥራ አንድ ሴቶች ያደሩት እዚሁ ነው፤ አንዷ አክስቷ ነበረች። «ወንዶቹ ‹ዓመት አይቆዩም› ብለው ተወራረዱብን፤ አንዳችንም ሳንጎድል ተመረቅን» ትላት ነበር አክስትየው።

አንድ ቀን በጓሮው በኩል ያለው ግድግዳ ተሰነጠቀ። የግንባታ ክፍሉ ኃላፊ፣ ገና ወጣት መሐንዲስ፣ አንዴ አየት አድርጎ «መሠረቱ ሰምጧል፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሕንጻው ይፍረስ» የሚል ደብዳቤ ጻፈ። እትዬ ዝምታ ደብዳቤውን ይዛ ቢሮው ገባች።

«መሠረቱ ደህና ነው። ይህ የውሃ ሥራ ነው።»

«እርስዎ መሐንዲስ ነዎት?»

«አይደለሁም። በሽተኛውን ያስታመምኩት ግን እኔ ነኝ።»

መሐንዲሱ ሳቀ። «እንግዲያው ማስረጃ ያምጡ።»

ወገቧን ታጥቃ ተነሳች። በየማለዳው ስንጥቁ የደረሰበት ላይ በእርሳስ አስምራ ቀኑን ጻፈች። ስንጥቁ የሚረዝመው ልጆቹ ልብስ በሚያጥቡበት በቅዳሜ ማግስት ነበር። ከግድግዳው አጠገብ ያለውን የልብስ ማጠቢያ ቆለፈችው። ልጆቹ ባልዲ ተሸክመው ሌላ ማደሪያ ድረስ ሲመላለሱ አጉረመረሙ፣ አቤቱታም ጻፉባት፤ እሷ ወይ ፍንክች! ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንጥቁ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ የግቢውን ቧንቧ ሠራተኛ ይዛ ከማጠቢያው ጀርባ ማስቆፈር ጀመረች። እሱ ሲደክመው አካፋውን ተቀበለችው። በሁለተኛው ቀን የዛፍ ሥር ገብቶበት ለሁለት የተከፈለ አሮጌ የሸክላ ቧንቧ ወጣ። ውሃው ከግድግዳው ሥር አፈሩን እያሳሳቀ ወስዶታል።

መሐንዲሱ ተጠርቶ መጣ። ከነጫማው ጭቃው ውስጥ ወርዶ በእጁ ዳሰሰ፤ ድንጋዩን አንኳኳ፤ ግድግዳው ላይ የተጻፉትን ቀኖች ከላይ እስከ ታች አነበበ።

«እትዬ፣ ቸኩያለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ቸኩለሃል፤ ግን ወርደህ አይተሃል። ሌላው ከላይ ሆኖ ነበር የሚፈርመው።»

ቧንቧው ተቀየረ፤ አፈሩ የሸሸበት ጥግ በኮንክሪት ተሞላ። ከጥጉ በላይ ያሉት ሁለት ክፍሎች ግን ሊድኑ አልቻሉም፤ እንደተዘጉ ቀሩ። እሷም በራቸውን ስትቆልፍ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሌሎቹ ክፍሎች በአዲሱ ዓመት እንደወትሮው በልጃገረዶች ሞሉ።

በወሩ መሐንዲሱ ራሱ ቢሮዋን አንኳኳ። «የወንዶቹ ማደሪያም ተሰንጥቋል። ከመጻፌ በፊት ቢያዩልኝ?»

እትዬ ዝምታ ቦቲ ጫማዋን አጠለቀች። «እርሳስ ይዘሃል?» አለችውና ቀድማው ወጣች።