ግራጫውና ጥቁሩ ኪቦርድ

የቢላ ከተማው የቤተ ክርስቲያን ኳየራችን አዲስ ኪቦርድ እንድንመርጥ ሦስታችንን ወደ ነቀምቴ የላከ ዕለት ቁርስ አልወረደልኝም። አሮጌው ኪቦርድ ጣራው አፍስሶበት ሞቶብን ነበር። ከተላክነው አንዱ ሰብሳቢያችን ነው፤ ለሁሉም ነገር ምክንያት የሚጠይቅ የወረዳ ሠራተኛ። ሁለተኛዋ ዝማሬ የሚያነሱልን አንጋፋ እናት ናቸው፤ ከተማው በኦሮምኛ ሀርሜ፣ እናታችን፣ ይላቸዋል። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ከወሎ ተመድቤ የመጣሁ የሂሳብ መምህር፣ አራት ዓመት የኳየሩ ኪቦርድ ተጫዋች፣ ሲበዛ ደግሞ ፈሪ።

የምፈራውን ልናገር። ሀርሜ ዝማሬ ሲያነሱ ማንንም አይጠብቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፃቸው ካረፈበት ይጀምራሉ፤ ዛሬ ከፍ ብለው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ዝቅ ብለው። የተነሱበትን ከፍታ፣ እኛ ኪይ የምንለውን፣ ፈልጎ መከተል የተጫዋቹ ፋንታ ነው። ሰው ሁሉ "ባርሲሳ እንዴት ቶሎ ያገኛቸዋል!" ይላል። ባርሲሳ፣ መምህሩ፣ እኔ ነኝ። እውነቱ ግን ከአንድ ኪይ በቀር መጫወት አልችልም። ጣቶቼ ሁልጊዜ እዚያው ነጫጮቹ ቁልፎች ላይ ናቸው። ድምፁን ወደ ሀርሜ ከፍ ዝቅ የሚያደርግልኝ ትራንስፖዝ የሚባል አዝራር ነው። የመጀመሪያዋን ስንኝ ሳይጨርሱ በግራ እጄ ሁለቴ ሦስቴ ጫን አደርገዋለሁ፤ ማንም አያይም።

ይህ ከታወቀ ከወንበሩ ያስነሱኛል ብዬ እሰጋ ነበር። ቢላ ውስጥ ሰው ቦታ የሚይዝልኝ እዚያ ብቻ ነው። ኦሮምኛዬ ስብርብር ነው፣ ዘመድ የለኝም፤ እሁድ እሁድ ግን እፈለጋለሁ።

ሱቁ ውስጥ የሁለት ተፎካካሪ ፋብሪካዎች ኪቦርዶች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል፤ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ጥቁር። ባለሱቁ ግራጫውን ሲያበራው ልቤ ራሱ ከዳኝ። ክራሩ ክራር ነው። የሰርግ ምቱ እግር ያነሳል፣ ስክሪኑም በጣት ይታዘዛል። የጥቁሩ ክራር ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፣ ከበሮውም ደረቅ ነው። ጥቁሩ ግን ፊቱ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ሁለት የትራንስፖዝ አዝራሮች አሉት። ግራጫው ላይ ዓይኔ ቢዞር አላገኘኋቸውም። ስክሪኑ ውስጥ፣ ገጽ በገጽ ተገልጦ የሚደረስበት ነገር ነው።

"ጥቁሩ ይሻላል" አልኩ።

"በምን?" አለ ሰብሳቢያችን።

"ድምፁ ወፍራም ነው። የግራጫው ስክሪን የእኛን አቧራ አይችልም። ቁልፎቹም ልል ናቸው።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ባለሱቁ ገርሞት አየኝ።

ሰብሳቢያችን ሰዓቱን ተመለከተ። የመጨረሻው ሚኒባስ ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ መንገዱን የሚደፍር ሹፌር የለም። "እንግዲህ ሀርሜ ይዘምሩና እንስማው" አለ። "በግራጫው።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሀርሜ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ አነሱ። ከፍ ብለው ነበር። ስክሪኑን ነካሁ፤ አንድ ገጽ ተከፈተ፣ ሌላ ነካሁ፣ ምቱ ተቀየረ። ደግሜ ብነካው ጥሩንባ ጮኸ። ላብ አጠመቀኝ። ሀርሜ ሁለተኛውን ስንኝ ብቻቸውን ጨርሰው ዓይናቸውን ገለጡ።

"ማል ታቴ፣ ባርሲሳ? ምን ሆንክ?"

"ዕቃው ነው" አልኩ።

ሀርሜ ወደ ሰብሳቢያችን ዞሩ። "ነግሮን የለ? ጥቁሩ ይሻላል ካለ ይሻላል። ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አይዋሽም።"

እዚያ ላይ አልቻልኩም። መታመኑ ከመጋለጡ ይልቅ ከበደኝ።

"ሀርሜ፣ እኔ የምችለው አንድ ኪይ ብቻ ነው" አልኩ። "እስከ ዛሬ የተከተልኩዎት በአዝራር ነው። ጥቁሩን የፈለግሁትም አዝራሩ ስለሚቀርበኝ ነው። በድምፅ ግራጫው ይበልጣል።"

"አራት ዓመት ሙሉ?" አለ ሰብሳቢያችን።

ሀርሜ ወደ ዕቃው ጠጋ አሉ። ኪቦርድን ኦርጋን ነው የሚሉት፤ ግራጫውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። "ይሄ ኦርጋን ያንተን አንዷን ይችላል?"

"ይችላል።"

"እንግዲያ እሱን ይጠቅልልን። መኪናው እንዳያመልጠን።"

እስከ ቢላ ድረስ ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ። ስለ ጉዳዩ ማንም ቃል አልተነፈሰም፤ ዝምታውን የስንብት ደብዳቤ አደረግሁት። ሳምንቱን በሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ሰብሳቢው ይመስለኝ ነበር። በእኔ ፋንታ ማን እንደሚቀመጥ እንኳ በሐሳቤ ወስኜ ጨርሼ ነበር።

እሁድ ማንም ስላልከለከለኝ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ኳየሩ ተሰለፈ፣ ሀርሜ ፊት ቆሙ። እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ ብዬ ስጠብቅ፣ በጉባኤው ሁሉ ፊት አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"ያንተን ስጠኝ" አሉ።

የማውቃትን አንዷን ኪይ ነካሁ። ሀርሜ በለሆሳስ ፈልገው አገኟትና አነሱ። ለድምፃቸው ዝቅ ትላለች፤ እንዳስቸገረቻቸው ከጉሮሯቸው ይሰማ ነበር። እስከ መጨረሻው ግን ከእኔ ጋር ቆዩ።