ያልነበረው ባቡር

የቪልማ ሥራ የሰውን ንባብ መለካት ነበር። በሃንጋሪዋ ሴጌድ ከተማ፣ በአንዲት ጠባብ የጥናት ክፍል ውስጥ አንባቢውን ኮምፒውተር ፊት ታስቀምጠዋለች። ታሪኩ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እየሆነ ይመጣለታል፤ አንብቦ ሲጨርስ ቁልፍ ይጫናል። የት እንደዘገየ፣ የት እንደቸኮለ ይመዘገባል። ቪልማ ከዚህ የተማረችውን ይዛ ቤቷ ልብ ወለድ ትጽፋለች። «አዘነች» ከማለት ይልቅ ያዘነችው ሴት እጇ ምን እንደያዘ ቢጻፍ፣ ሐዘኑን አንባቢው ከራሱ እንደሚያመጣው ታውቃለች።

አባቷ በሞቱ በዓመቱ ስለ እሳቸው ጻፈች። መጀመሪያ እውነቱን እንዳለ አስቀመጠችው። እናቷ ኤተልካ ከሆስፒታል ደውላ «ቶሎ ነይ» ስትላት፣ የቀሩኝን ሁለት አንባቢዎች ልጨርስ ብላ ቆየች። ሆስፒታሉ በእግር ሩብ ሰዓት ነበር። አባቷን በሕይወት እያሉ አልደረሰችባቸውም።

ታሪኩን በጥናት ክፍሏ ስትፈትነው፣ አንባቢዎቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ ቁልፉን ቶሎ ቶሎ እየተጫኑ አለፉ።

«ልጅቷ ላይ ፈርደውባታል» አላት ባልደረባዋ ባርናባሽ። «ሰው ከፈረደ በኋላ አብሮ አያለቅስም። ምክንያት ስጪያት እንጂ፣ አንቺ ጨካኝ!»

«ምን ዓይነት ምክንያት?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ! ባቡር ይበላሽባት።»

ባቡሩን አስገባች፤ ልጅቷ ከሌላ ከተማ ስትመለስ ባቡሩ መንገድ ላይ ተበላሸባት። አንባቢዎቹ ዘገዩ፤ አንዷም መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ታሪኩ መጽሔት ላይ ወጣ።

እሑድ ቪልማ እናቷ ዘንድ ለምሳ ሄደች። ኤተልካ በርበሬ የበዛበትን የዓሣ ሾርባ እየቀዳች፣

«ልጄ፣ ዓመት ሙሉ ተቀይሜሽ ነበር» አለች። «መጽሔቱን ሳነበው፣ ለካስ ከከተማ ወጥተሽ ኖሯል! ለጎረቤቱ ሁሉ ‹ባቡሩ ነው እንጂ ልጄስ ምን አጠፋች› እያልኩ ከረምኩ። ይቅር በዪኝ።»

«እማዬ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው።»

«ሂጂ ወዲያ! አባትሽ አለበት፣ አረንጓዴ ፒጃማው ሳይቀር አለበት። ምኑ ነው ልብ ወለዱ?»

ቪልማ ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እናቷ ግን ሳህኑን ይዛ ይቅርታዋን እየጠበቀች ነው።

«ባቡር አልነበረም፣ እማዬ።»

«ታዲያ የት ነበርሽ?»

«ሥራ ቦታ። ስትደውዪልኝ ሁለት ሰው ቀርቶኝ ነበር። ልጨርስ ብዬ ቆየሁ።»

ኤተልካ ሳህኑን አስቀመጠች። ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ መልሳ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«አባትሽ በሩ በተከፈተ ቁጥር ‹መጣች?› ይለኝ ነበር» አለች። «እንዳይከፋሽ ብዬ ነበር የደበቅኩሽ።»