የጋሽ ኤርጫፎ ጸሎት

እኛ ሆሳዕና ከተማ፣ ያለ ፈቃድ የቤት መብራት መሥራት ከተከለከለ ወዲህ፣ የሰፈራችን ኤሌክትሪክ ሠሪ ጋሽ ኤርጫፎ መሣሪያው እንዳይወረስበት ኮት ለብሶ፣ ካቻቢቴውን በመጽሐፍ ቅዱስ ቦርሳ ይዞ ነው የሚመጣው።

ባለፈው የሳሎኔን መብራት ሊሠራ ሲገባ ያዩት ጎረቤቶች የጸሎት ፕሮግራም ያለ መስሏቸው ተከትለውት ገቡ። አንዷ ማዘጋጃ ቤት ስለምትሠራ እውነቱን መናገር አልቻልኩም። ጋሽ ኤርጫፎ ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ቆመና "ዓይናችንን እንጨፍን" ብሎ መጸለይ ጀመረ። ድምፁን ሳያቋርጥ ክዳኑን ፈትቶ የላላውን ሽቦ አጠበቀ። "አሜን" ስንል መብራቱ በራ።

በማግስቱ የማዘጋጃ ቤቷ ሠራተኛ መንገድ ላይ አገኘችኝ።

"ጋሼ፣ ፈቃድ ያለው ሰው ስንጠብቅ ይኸው ሳምንታችን በጨለማ። እኚያ ሰውዬ ለእኛም ይጸልዩልን" አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ቦርሳቸውን ግን እንዳይረሱ።"