የሞተር ገጣባ

አበልጄ ሞተሬን አጥቦ ሲመልስልኝ አንድ ነገር እንዳጠፋ ወዲያው ገባኝ። ከእብናት አቧራ ለአቧራ መጥቶ፣ ከለቅሶ ቤት ተነስቶ፣ የራሱን ፊት ሳይታጠብ ሞተር የሚያጥብ ሰው የት አለ? ሞተሯ እንደ ሙሽራ ታብሳ ጎኗ ውሃ ያንጠባጥባል። እሱ እስከ ሽፋሽፍቱ አፈር ለብሷል።

ፊት ለፊት ስንነጋገር አንቱ ነው የምለው። የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሳ ሰው ነው፤ አንቱ ሳይባል አይቀርም። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «አለ» እያልኩ እጽፋለሁ። አንቱታው ለጊዜው ይቆየው።

ሞተሯ የልጄ ነበረች። ሥራ ወደ ሌላ አገር ሲወስደው «እማዬ፣ ሽጪያት» ብሎኝ ሄደ። ለሥራ የሚይዟት ዓይነት ሞተር አይደለችም። ለሩጫ የተሠራች ትንሽ ነገር ነች፤ ጎንና ጎኗ በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ መሪዋ ዝቅ ያለ፣ የኋላ መቀመጫዋ ሽቅብ የቆመ። የሚነዳት ሰው ደረቱን ወደ ቤንዚን ታንከሩ ደፋ አድርጎ ዝናብ እንደሚሸሽ ሰው ያጎነብሳል። እኔ ግን አልሸጥኳትም። ጉልበቴ ዳገት እንቢ ብሎኛል። እህቴ ደግሞ ያለችው ጉና ስር ነው። ታላቄ ነች፤ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ከእኔ በቀር ገላዋን ሰው እንዲነካው አትፈቅድም። ምራቷ ደግ ሴት ነች፤ ቢሆንም አትፈቅድም። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ እሄዳለሁ፤ አጥባታለሁ፣ ጠጉሯን አበጥርላታለሁ።

ልጄ ከመሄዱ በፊት እንዴት እንደምትነዳ አሳየኝ፤ የቀረውን በመውደቅ ተማርኩት። ከቀሚሴ ስር ሱሪ እለብሳለሁ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ አጥብቄ እቋጥራለሁ፤ አንድ ጊዜ ጫፉን ካቴናው በልቶብኝ መንገድ ዳር ተቀምጬ በካቻቢቴ ስነቅል መዋሌን አልረሳውም። በደብረ ታቦር ያልሳቀብኝ የለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «እማማ ሬስ! ንኪው!» እያሉ ያጨበጭቡልኝ ነበር። ይሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ እኔ ጉና ደርሻለሁ።

ሞተር መንከባከብ ከብት ከመንከባከብ ብዙም አይለይም። ጠዋት ብርድ ስለሚይዛት ቾኩን ስቤ ቀስ ብላ እስክትሞቅ እጠብቃታለሁ። ካቴናዋን ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጠርጌ ዘይት አጠጣለሁ፤ ከስር በጣቴ ገፋ አድርጌ መላላት አለመላላቱን አያለሁ። ካንዴላዋ ሲጠቁር ፈትቼ በሽቦ ብሩሽ እፈትጋለሁ። ዳገቱ ላይ አየሩ ሲሳሳ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ያን ጊዜ ማርሽ ቀንሼ እታገሳታለሁ። እሷም እኔን ትታገሰኛለች።

እንግዲህ ያቺን ሞተር ነው ያዋስኩት። ጠዋት ደጃፌ ላይ ቆሞ «አበልጅ፣ ከእብናት መርዶ መጣብኝ፤ ሞተርዎን ያውሱኝ» አለኝ። ለለቅሶ እንቢ አይባልም።

«ከአንድ ሰው በላይ አይጫንባትም» አልኩት።

«ብቻዬን ነኝ።»

«ዕቃም አይጫንባትም። ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ።»

«አበልጅ፣ እኔን ሊያስተምሩኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ሲመልሳት በእጄ ዳሰስኳት። ታንከሩ ላይ ቀለሙ በቀጭኑ ተፍቋል። ከመቀመጫው ስር ካለው ብሎን ላይ ነጭ ጠጉር ተሰክቷል። ከሆዷ ስር ግንድ አስገብቼ የፊት ጎማዋን ከመሬት አነሳሁና አሽከረከርኩት፤ አንድ እንጨት አጠገቡ ያዝኩ። ቸርኬው እንጨቱን አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይሸሻል። ጎብጧል። መሪዋ ቀጥ ሲል ደግሞ ጎማዋ ወደ ግራ ታያለች።

«አበልጅ፣ ሞተሬ ምን ሆነች?»

«ምን ትሆናለች? ስወስዳትም እንዲሁ ነበረች።»

«ፍየል ጭነውባታል።»

«የምን ፍየል?»

«ጠጉሩ ይኸው።»

«ነፋስ አምጥቶት ይሆናል።»

«ነፋሱ ከእብናት ነው የተነሳው?»

ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወጣ። በማግስቱ ሚስቱ ብር ይዛ መጣች። ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ እንዳለ መለስኩላት። ምስኪን፣ እሷ ምን ታውቃለች? ብሩ ነው የባሰ ያናደደኝ። ብሩን ብቀበል «ስወስዳትም እንዲሁ ነበረች» ያለውን ቃል አብሬ መዋጤ ነው። ጎባጣ ሞተር እየነዳች መጉበጧን የማታውቅ፣ ለጉዳቷ ሰው የምትከስ አሮጊት ሆኜ ልቀር ነው። አልዋጥኩትም፤ ሽማግሌ ላክሁበት።

አባቴ በቅሎ ነበረው፤ ስለዚህ የውሰት ደንብ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁበት። በቅሎ ተውሶ ጀርባዋን ያስገጠበ ሰው ቁስሏ እስኪደርቅ በራሱ ግቢ ያስታምማታል። እስከዚያ ባለቤቷ በእግሩ እንዳይሄድ የራሱን በቅሎ ይሰጣል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የት እንዳስገጠባት፣ ምን ሆኖ እንዳስገጠባት አፉን ሞልቶ ይናገራል። አበልጄ በቅሎ አለው። ያማረች፣ ለክት የምትጫን፣ ለማንም የማያውሳት በቅሎ።

ሁለት ሽማግሌዎች ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዛፍ ስር አስቀመጡን። የፈለግሁትን ተናገርኩ። ሞተሬን ወደ ቤቱ ወስዶ ያስታምማት፤ እስክትድን በቅሎውን ይስጠኝ፤ ምን እንዳደረጋትም ይናገር።

ከሁለቱ በዕድሜ የሚበልጡት ዱላቸውን ተደግፈው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ሞተርና በቅሎ አንድ ነው?»

«ሁለቱም ሰው ይሸከማሉ። ሁለቱም ጎድተዋቸው አጥበው ቢመልሷቸው አፍ የላቸውም» አልኩ።

«ብረት ይታመማል እንዴ?»

«ካልታመመ አበልጄ ለምን አጠቧት?»

ሁለተኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አበልጄ መሬት መሬት ያያል። በዕድሜ የሚበልጡት ግን ከሐሳባቸው አልተመለሱም። «እንግዲህ በዚህ ዕድሜሽ ቤትሽ ተቀምጠሽ የልጅ ልጅ ብትስሚ ይሻልሽ ነበር። እሱ ካሳ ይስጥ፣ አንቺም ሳሚውና ይብቃ» አሉ።

የልጅ ልጆቼን እስማለሁ፤ እሱን ማን ጠየቀኝ? ሞተር የጎዳው እሱ፣ የዋሸው እሱ፣ ዕድሜዋ የሚቆጠርባት እኔ። «አልስመውም» አልኩ። «ሌላ የውሰት ደንብ ካላችሁ ንገሩኝ። ከሌላችሁ የበቅሎውን ደንብ ፍረዱልኝ። ወንድ ሲያውስ ደንብ፣ ሴት ስታውስ ምክር የሚባል ነገር አላውቅም።»

ሁለተኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ሌላ ደንብስ የለንም» አሉ።

ተፈረደልኝ። አበልጄ ግን ተነስቶ «ብሩን እጥፍ አደርገዋለሁ እንጂ በቅሎዬን አልሰጥም። ሰው አትለምድም፤ አበልጄን ትጥላቸዋለች» አለ። ኩራት መስሎኝ በልቤ ብዙ ነገር ሰደብኩት፤ ሁሉንም በአንቱታ።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹን ይዤ ግቢው ሄድኩ። ፍርዱን መጣስ አልደፈረም፤ በቅሎዋን ጭኖ አቆይቷል፤ ኮርቻው ላይ ግላስ የሚባለውን ያማረ ጨርቅ ለብሳለች። ልጓሟን ሊያቀብለኝ እጁን ዘረጋ። እኔ ግን አንድ ጊዜ ተታልያለሁ።

«ኮርቻውን ያንሱና ጀርባዋን ሰው ይይልኝ» አልኩ። «ኋላ ምን አደረግሻት እንዳልባል።»

ልጓሟን መልሶ ጨበጠ።

«አበልጅ፣ ያንሱት እንጂ።»

«ምን ያደርግልዎታል? ይጫኑና ይሂዱ።»

ሁለተኛው ሽማግሌ ራሳቸው ጠጋ ብለው ኮርቻውን የሚይዘውን መቀነቻ ፈቱ። ኮርቻው ሲነሳ በቅሎዋ ቆዳዋን አንቀጠቀጠች። ጀርባዋ ላይ መዳፍ የሚያህል ገጣባ፣ ጠርዙ አመድ የተነሰነሰበት፣ መሃሉ እርጥብ። ትናንት የመጣ ቁስል አይደለም። እህቴ ጋ ልሄድ የነበረው በዚያ ቁስል ላይ ተቀምጬ ነው።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ በራልኝ። የዚያን ጠዋት ደጃፌ ላይ የቆመው በቅሎው መጫን ስለማትችል ነው። የእሷን ገጣባ ከመናገር የእኔን ሞተር መዋስ፣ ከዚያም መዋሸት ቀሎታል።

«በቅሎስ ይታመማል?» አልኳቸው ትልቁን ሽማግሌ። ዱላቸውን መሬት ላይ ጫር ጫር አደረጉ።

አበልጄ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። አፉን ሲከፍት ድምፁ ከወትሮው አንሶ ነበር። «ፍየሉን ለቅሶው ሲበተን ነው የገዛሁት። ርካሽ ሆኖብኝ። ታንከሩ ላይ አጋድሜ አሰርኩት። መንገዱ ላይ ሲንፈራገጥብኝ መሪውን ሳትኩና ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ወደቅን።»

«ማንና ማን?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«እኔና ፍየሉ።»

«ፍየሉስ?»

«ፍየሉ ደህና ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እሱም ሊስቅ ከጀለ። እኔ አልሳቅኩም። ክርኑን ገልጦ መላላጡን ሲያሳየን እንኳ አላዘንኩለትም። በቅሎዋን እያየሁ ነበር። «ይህችን አይጫኗት። አመዱን ይጠቡላት፤ ለብ ባለ የጨው ውሃ። ሞተሬን ደግሞ ዛሬውኑ ወስደው ያስታምሙ» አልኩና ወጣሁ።

ያን ሐሙስ ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በምርኩዝ ወጣሁ። ደጃፏ ስደርስ እህቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋለች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እታለም።»

«እህቴስ አይደለሽም። እሷ ስትመጣ የሞተሯ ጩኸት ከወንዙ ማዶ ጀምሮ ይሰማኛል፤ ውሃ ጣዱ ብዬ እጠብቃለሁ። ዛሬ ውሃም አልተጣደ።»

ውሃው እስኪፈላ ሁሉንም ነገርኳት። ጀርባዋን ሳሻት «እንግዲህ እውነቱን ተናግሮ የለ? ታረቂው» አለች።

«ሞተሬ ስትድን።»

«ጨካኝ ነሽ።»

«ቀና በይ፣ አንገትሽን ልጠበው።»

ስመለስ ጉልበቴ አብጦ ነበር። ሁለተኛም ሐሙስ በምርኩዝ ሄድኩ፤ በየዳገቱ ቆሜ በየዳገቱ ረገምኩት። በየመሃሉ ግቢው ብቅ እያልኩ አየሁ። ቸርኬውን ጋራዥ ወስዶ አስቀንቷል። የፊት ጎማዋን የሚይዙትን እግሮች ከመካኒኩ ጋር ሆኖ ራሱ ይዞ አስተካክሏል። ካቴናዋን ሲያጸዳ ጣቱን ቆርጦታል። በቅሎዋ አጠገቡ ታስራ ገለባ ትበላለች፤ ቁስሏ ጠርዙ መድረቅ ጀምሯል። «ዘይቱ ብዙ ነው፣ አቧራ ይስባል፣ ይጥረጉት» አልኩት። ጠረገው። ያን ቀን እንኳ ደህና ዋሉ አላልኩትም።

በመጨረሻ ሐሙስ ጠዋት ሞተሯን እየገፋ አመጣት። አልታጠበችም። ሽማግሌዎቹም አብረውት መጡ፤ ዕርቁን ሊያዩ ነው። አበልጄ ጋቢውን ወደ ኋላ ጥሎ ለመሳም ትከሻውን አዘጋጀ።

«ቆዩ፣ ልሞክራት» አልኩ።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ ቋጠርኩ። ቾኩን ሳብኩ፤ ተነሳች። ታንከሩ ላይ ፍቀቱ አለ፤ ቀለም አልቀባባትም፣ ይህንንም ደግ አደረገ። እስከ መንገዱ ጫፍ ሄድኩ። መሪውን በስሱ ለቀቅ ሳደርገው ቀጥ ብላ ሄደች። መዞሪያው ጋ ስደርስ ወደ እነሱ መመለስ ነበረብኝ። ከኋላዬ ትልቁ ሽማግሌ «አንቺ ልጅ! ሰውየው ቆሟል እኮ!» ሲሉ ይሰማኛል።

እህቴም ከወንዙ ማዶ ጆሮዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ማርሽ ጨመርኩ። ሰውየው ይቁም፤ ስመለስ እስመዋለሁ።